የነጩ ሙሌት ባላንጣ ጉጠቱ ነው

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለመምህራንና ለወላጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። "ስለ ጥርስ ነው የማወራው" ስል ከፊት ረድፍ ያላችሁት ሁሉ ከንፈራችሁን ገጠም አደረጋችሁ። አይዟችሁ፣ ዛሬ ማንንም አልመረምርም። ጉጠቱንም ክሊኒክ ትቼው ነው የመጣሁት።

የተጠራሁበት ጉዳይ አጭር ነው። ልጆቻችሁ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ቆይተው ሲመጡ ያስሞሉት ጥርስ ነጭ ነው። ካልነገሯችሁ መሞላቱንም አታውቁም። እናንተ ከዓመታት በፊት ያስሞላችሁት ግን ጥቁር ብረት ነው፤ ስትስቁ ይታያል። ስለዚህ "የቱ ይሻላል? ብረቱን አስወጥተን ነጩን እናስገባ ወይ?" ትላላችሁ። መልስ አለኝ። ግን "ነጩ ይሻላል" ብዬ ብቀመጥ አታልላችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። እኔ በማየው፣ እዚህ ጎጃም የነጩ ሙሌት ባላንጣ ጥቁሩ ሙሌት አይደለም። ጉጠቱ ነው። ከማቻከል፣ ከስናን፣ ከአዋበል፣ ከደጀን የሚመጣው ሰው "ሙላልኝ" አይልም። "ንቀለውና ልረፍ" ነው የሚለው። እሱም ወዶ አይደለም። መጀመሪያ ቅርንፉድ ነክሶበታል። ነጭ ሽንኩርት ጠቅጥቆበታል። አረቄ ጉንጩ ውስጥ ይዞ አድሯል። የእንቧይ ፍሬ ጭስም ታጥኗል። ይህ ሁሉ አልሆን ሲለው ነው እኔ ጋ የሚመጣው። ያን ጊዜ የጥርሱ ግማሽ የለም፤ ነርቩም ሞቷል። እንዲህ ላለ ሰው ስለ ቀለም ምርጫ ማውራት ቀልድ ይሆናል።

ስለዚህ ስለ ነጭና ጥቁር የምናገረው ሁሉ የሚሠራው ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ለመጣ ሰው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ቀዳዳው እንዴት እንደሚመጣ ቶሎ ልለፈው። ጥርስ ውስጥ ትል የለም። ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ስኳር ስናቀርብላቸው አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን፣ ኢናሜሉን፣ ቀስ በቀስ ማዕድኑን ያሳጣዋል። አስተማሪዎች ይህን ልብ በሉልኝ፦ ዋናው የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ እንደገባም ነው። ስኳር የበዛበትን ሻይ ጠጥቶ የጨረሰና ያንኑ ሻይ እያነበበ ሰዓት ሙሉ ፉት የሚል ሰው ጥርሳቸው እኩል አይጎዳም። ፈተና የሚያርም መምህር የትኛው እንደሆነ ራሱ ያውቃል።

አሁን ወደ ጥቁሩ። ስሙ አማልጋም ነው። በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ የቀረው ብር፣ ቲንና መዳብ ነው። ፈሳሹ ሜርኩሪ ከብረቶቹ ዱቄት ጋር ሲደባለቅ ለጥቂት ደቂቃ ይለሰልሳል፤ ሐኪሙ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቆ ይቀርጸዋል፤ ከዚያ ይጠጥራል። ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። አሜሪካ የገባው በ1833 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው)። ክርክሩም አብሮት ገባ። በ1840ዎቹ የዚያ ዘመን የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱን "አማልጋም አልጠቀምም" ብለው እንዲፈርሙ እስከማስገደድ ደርሶ ነበር። በኋላ ማኅበሩ ፈረሰ፤ አማልጋሙ ቀጠለ። ለምን ቢባል ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይሠራል፣ የመንጋጋን ጫና ይችላል፣ ትንሽ ምራቅ ቢነካውም አይበላሽም። አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ጥቁር ሙሌት ማየት ብርቅ አይደለም።

ጉድለቱ ምንድን ነው? ከጥርስ ጋር አይጣበቅም። እንዳይወልቅ ሐኪሙ ቀዳዳውን ከውስጥ ሰፋ፣ ከአፉ ጠበብ አድርጎ መቦርቦር አለበት። ይህ ማለት ያልታመመውንም ጥርስ መቁረጥ ነው። ትንሽ ለነበረች ቀዳዳ ትልቅ ጉድጓድ ትቆፍራለህ። ለእኔ የጥቁሩ ትልቁ ጥፋት መልኩ ሳይሆን ይህ ነው።

ነጩ ኮምፖዚት ይባላል። ሬዚን የሚባል የሚጠጥር ሙጫና እጅግ የደቀቀ የመስታወት ዱቄት ቅልቅል ነው። ሬዚኑን የዛሬውን መልክ ያስያዘው ራፋኤል ቦወን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1962 ነው። ግን ከእሱ በፊት ሌላ ሰው በሩን ባይከፍት ኖሮ የቦወን ሙጫ ምንም ባልጠቀመ። ማይክል ቦኖኮሬ ይባላል። ፋብሪካዎች ቀለም ብረት ላይ እንዲይዝ ብረቱን በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚያክሙት ያውቅ ነበር። "ጥርስ ላይስ?" ብሎ ሞከረው፤ በ1955 አሳተመው።

ሐሳቡ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ቤት ያስለሰነ ሁሉ ያውቀዋል። ልሙጥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ልስን ሲደርቅ ይረግፋል፤ ስለዚህ ልሳኙ መጀመሪያ ግድግዳውን ይጭረዋል፣ ያሻክረዋል። አሲዱም ኢናሜሉ ላይ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ሲቀመጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፍትበታል። ታጥቦ ሲደርቅ ያ ቦታ ወዙ ጠፍቶ ነጣ ይላል። ፈሳሹ ማጣበቂያ እነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ይጠጥራል። ኮምፖዚቱ ማጣበቂያውን ይይዛል፣ ማጣበቂያው ጥርሱን ይይዛል። ስለዚህ የታመመውን ብቻ አንስቶ፣ ደህናውን ሳይነኩ መሙላት ይቻላል። ለዚህ ነው ነጩን የምወደው።

ማጠንከሪያው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ክሊኒክ ገብታችሁ ያያችሁት ይሆናል፤ ሐኪሙ እስክሪብቶ የሚያህል መብራት አፍ ውስጥ ያስገባል፣ ብርቱካናማ መከለያ በመሃል ይይዛል። ብርሃኑ ኮምፖዚቱ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ይቀሰቅስና ሙጫው በሰከንዶች ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ችግሩ ብርሃኑ ጥልቅ አይገባም። ስለዚህ በተለመደው ኮምፖዚት በአንድ ጊዜ የሚሞላው ሁለት ሚሊሜትር ያህል ነው። ትጨምራለህ፣ ታበራለህ፤ ትጨምራለህ፣ ታበራለህ። ከዚህም ሌላ ሲጠጥር ትንሽ ይኮማተራል፤ በአንድ ጊዜ ካጎረስከው ከግድግዳው ይለቅና በዚያች ስንጥቅ ባክቴሪያ ይገባል። "የእኔ ሐኪም በአምስት ደቂቃ ጨረሰልኝ" ብሎ የሚኩራራ ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም እላለሁ። ግን ደስ አይለኝም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ድርቀቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነጩ ሙሌት የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነው። አሲዱ ከታጠበ በኋላ ያ የተከፈተ ቦታ አንዲት ጠብታ ምራቅ ወይም ደም ከነካው ማጣበቂያው አይይዝም። ሲታይ ግን ያምራል! ነጭ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ በሽተኛው አመስግኖ ይሄዳል። ከወራት በኋላ ጠርዙ ይጠቁራል፤ ከሥሩ አዲስ መበስበስ ይጀምራል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ጥርሱን በላስቲክ ሽፋን ከአፍ ለይቶ ይሠራል፤ ላስቲኩ ከሌለ ጥቅልል ጥጥ እየቀያየረ፣ ምራቅ መምጠጫ እያስያዘ ይሠራል። ያ ላስቲክ ያስጨንቃል፣ አውቃለሁ። ቻሉት። ለእናንተ ነው።

ቀዳዳው ከድድ በታች ወርዶ ከሆነስ? እዚያ ደም አለ፣ እርጥበት አለ፣ ማጣበቂያው የሚይዘው ኢናሜልም የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነጩን "ግድ" ማለት ገንዘብ መጣል ነው። መብራት የመጥፋቱ ነገርም አለ፤ ሰማያዊው መብራት በባትሪ ይሠራል፣ መምጠጫውና መቦርቦሪያው ግን ያለ ኮረንቲ አይንቀሳቀሱም። መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ጥጥ ነክሶ ጄኔሬተር የጠበቀ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።

ዕድሜውን በተመለከተ ሐቁን ልንገራችሁ። ትልልቅ የመንጋጋ ቀዳዳዎች ላይ ጥቁሩ በአማካይ ይበልጥ ይቆያል። ነጩ በዚያ ቦታ ከሥሩ እንደገና የመበስበስ ዕድሉ ከፍ ይላል። የፊት ጥርስና ትንንሽ ቀዳዳ ላይ ግን ክርክርም የለበትም፤ ነጩ ነው። እንግዲህ ወደ ጉጠቱ ተመለስን ማለት ነው። ቀደም ብሎ የመጣ ሰው ትንሽ ቀዳዳ ይዞ ይመጣል፤ ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ የነጩ ቤት ነው።

ስለ ሜርኩሪው። "አፌ ውስጥ መርዝ ይዤ ኖሬያለሁ?" ብላችሁ እንዳትደነግጡ። አማልጋም ከጠጠረ በኋላ የሚያወጣው ተን በጣም ጥቂት ነው፤ ለብዙው ሰው ጉዳት እንዳመጣ አልተረጋገጠም። ዓለም አማልጋምን እየተወ ያለው በዋናነት በአካባቢ ጉዳይ ነው። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ የምትባል ከተማ አለች። አንድ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ሲለቅ ኖሮ፣ ዓሣው ተመረዘ፣ ዓሣውን የበላው ሰው ተመረዘ፤ በሽታው በ1956 ታወቀ። በዚያች ከተማ ስም የተሰየመው የሜርኩሪ ስምምነት በ2013 ተፈርሞ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ። በ2022 ደግሞ አገሮቹ ለወተት ጥርስ፣ ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች ሐኪሙ የግድ ካላለ በቀር አማልጋም እንዳይደረግ ተስማሙ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከልክሎታል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጄኔቭ የተሰበሰቡት አገሮችም 2034ን የመጨረሻ ዓመት አድርገው ወስነዋል። ጣናን አቅፎ፣ ዓባይ ዙሪያውን ለሚከበው የእኛ አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይመስለኝም። ከክሊኒክ በቧንቧ የሚወርደው ነገር መጨረሻው ውሃ ነው።

በመሃል አንድ የተረሳ አለ፤ ግላስ አዮኖመር። ይህም ነጣ ያለ ነው፣ ግን እንደ ኮምፖዚቱ አያምርም። በ1972 ነው እንግሊዝ ውስጥ ይፋ የሆነው። ራሱ ከጥርስ ጋር ይጣበቃል፣ ሰማያዊ ብርሃን የማይፈልግ ዓይነት አለው፣ ጥርስን ከመበስበስ የሚከላከለውን ፍሎራይድም ቀስ እያለ ይለቃል። በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ታንዛኒያ ውስጥ አንድ ዘዴ ተጀመረ፦ መቦርቦሪያም ኮረንቲም በሌለበት፣ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ጠርጎ በዚህ መሙላት። ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤት ግቢ የሚሆን ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ብዙ ጫና ያለበት ትልቅ ቀዳዳ ላይ ይሰበራል፣ ይበላል፤ ይህን አልደብቅም። ግን ከጉጠት ጋር ሲወዳደር? እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ለገጠሩ ከሚያብረቀርቀው ነጭ በፊት ይህ እንዲዳረስ እፈልጋለሁ።

"መልክ ለማሳመር ነው፣ ቅንጦት ነው" የሚሉ አባቶች አሉ። እስቲ እናቶቻችንን ተመልከቱ። ድዳቸውን በመርፌ ተወግተው የተነቀሱት ለምንድን ነው? ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ነጥቶ እንዲታይ አይደለም ወይ? ያን ሕመም ችለው! የጥርስ ውበት ዛሬ ከከተማ የመጣ ነገር አይደለም። የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ፍንጭት ያላቸው ልጆች መጥተው "ዶክተር፣ በነጩ ድፈንልኝ" ይሉኛል። በኮምፖዚት መድፈን ይቻላል፤ ቀላል ነው። ያንን ያማረ ፍንጭት! እሠራለሁ፣ ሥራዬ ነው። ግን ሁለቴ እጠይቃለሁ።

ለትምህርት ቤቶች የማስተላልፈው አንድ ነገር ነው። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ በየጎኑ አንድ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይነቀል በባዶ ቦታ ስለሚወጣ ወላጅ አያስተውለውም፤ ሲበሰብስም "የወተት ነው፣ ይወድቃል" ይላል። አይወድቅም። ቋሚ ነው፤ ሌላ አይተካውም። የዚያን ጥርስ ጥልቅ ስርጉዶች ገና ሳይበሰብሱ በቀጭን ሬዚን መድፈን ይቻላል። መቦርቦር የለ፣ መርፌ የለ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ።

አንዲት እናት፦ "እኔ ሁለት ጥቁር አለኝ። ላስወጣቸው ወይ?"

እናቴ፣ ካልተሰበሩ፣ ከሥራቸው ካልበሰበሰ፣ ካላመሙሽ ተያቸው። ሜርኩሪው በብዛት የሚተነው ሲገባና ሲወጣ ነው፤ ሲወጣም ደህና ጥርስ አብሮ ይቆረጣል። የሚነሳበት ምክንያት ሲመጣ ያን ጊዜ በነጭ ይተካል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ደግሞ ያለ ምክንያት ጨርሶ አታስነኪው።

አንድ መምህር፦ "ቡና አብዝተን ነው የምንጠጣው። ነጩ አይበልዝም?"

ይበልዛል፣ መምህር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ለሚጨርስ ሰው ጠርዙ ከዓመታት ጋር ቡኒ ይላል። ብዙውን ጊዜ በማለስለስና በመወልወል ይመለሳል። አንድ ምክር፦ ጥርስህን በማንጫ መድኃኒት ልታነጣ ካሰብክ ከመሞላትህ በፊት አድርገው። መድኃኒቱ ጥርስን እንጂ ሙሌትን አያነጣም፤ በኋላ ሁለት ዓይነት ቀለም ይዘህ ትቀራለህ። ቀለሙ ሲመረጥም ገና አፍህን እንደከፈትክ፣ በመስኮት ብርሃን ይሁን። የደረቀ ጥርስ ከእውነተኛ መልኩ ነጥቶ ይታያል።

አንድ መምሬ፦ "ቅርንፉዱን ነቀፍኸው። ሕመሙን ያስታግሳል እኮ።"

ያስታግሳል፣ አባቴ፤ አልነቀፍኩም። ዘይቱ ራሱ ክሊኒክ ውስጥ አለ፤ ጊዜያዊ መድፈኛ ይሠራበታል። ግን ያው ዘይት ኮምፖዚቱ በደንብ እንዳይጠጥር ያደርጋል። ስለዚህ ቅርንፉድ ሲነክሱ ሰንብተው ከመጡ ለሐኪሙ ይንገሩት። አጽድቶ፣ ወይም ሌላ ቀን ቀጥሮ ይሠራዋል።

የመጨረሻው ከኋላ የተቀመጠ ወጣት ነበር፦ "ከተሞላ በኋላ ቆሎ መቼ ነው የሚበላው?"

ነጩ ከሆነ መብራቱ ሲነሳ ጠጥሯል። ማደንዘዣው እስኪለቅህ ብቻ ጠብቅ፤ ካልሆነ ከንፈርህን ትበላለህ። ጥቁሩ ከሆነ እስከ ነገ በሌላው ጎንህ አኝክ። ጠርሙስ በጥርስ መክፈቱን ግን በየትኛውም ተው። ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ቢጠዘጥዝህ አትደንግጥ። ከወንበሩ ሳትወርድ ሐኪሙ ባለ ቀለም ወረቀት ያስነክስሃል፤ ሙሌቱ ከሌላው ከፍ ማለቱን የሚያይበት ነው። ደንዝዘህ ስለሆነ ላይታወቅህ ይችላል። ማታ ስትበላ ያ ጥርስ ቀድሞ የሚገጥም ከመሰለህ በነጋታው ተመለስ። ዝቅ ለማድረግ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።